በቁሜ የተለጠፍኩበት ሳምንት

መሞቴን የነገረችኝ ኬንኬ ሻጯ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ነው። እንደ ወትሮዬ ወደ ጣቢያ ስሄድ ቁርሴን፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለውን የበቆሎ ሊጥ ኬንኬን፣ ልገዛ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ። የያዘችው ሳህን ከእጇ አመለጠና የበርበሬው ድልህ ገና ትናንት በተወለወለው ጫማዬ ላይ ተዘረገፈ።

«ምነው ወደ እኔ መጣህ?» አለች ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች። «እኔ ምን በደልኩህ? ወደ ዘመዶችህ ሂድ እንጂ!»

«ምን ነካሽ ሴትዮ? ሁለት ኬንኬና አንድ ጥብስ ዓሣ ስጪኝ።»

ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ዓሣ ይበላሉ እንዴ?»

«እነማን?» አልኳት።

በጣቷ የሚሽኑን ትምህርት ቤት አጥር አሳየችኝ።

በአጥሩ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ተለጥፌአለሁ።

በከተማችን በአሱኖማ የሞት ማስታወቂያ የሌለበት ግንብ የለም። እኔም የሌላውን ሁሉ እያነበብኩ የማልፍ ሰው ነኝ፤ የራሴን ሳነብ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ጠርዙ ጥቁርና ቀይ፣ የመስኮት መከለያ የሚያህል ወረቀት ነው። ከላይ በትልቁ «ኢንስፔክተሩ አረፉ» ይላል። ከሥሩ ፎቶዬ፦ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከፖሊስ ማሠልጠኛ የተመረቅኩ ዕለት፣ ቆቡ ጆሮዬ ላይ ወርዶ። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «የአሱኖማው ኢንስፔክተር ከሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት በሚሽኑ ትምህርት ቤት ሜዳ ተገኝታችሁ ተሰናበቷቸው።» ከዚያ ሙሉ ስሜ፣ ኦቤንግ ዳርኮ። ከዚያ አንዲት መስመር፦ «የቤታችን ምሰሶ፤ አውሎ ነፋስ የወሰደውን ጣራችንን የመለሰ።»

ይህችን መስመር አንብቤ ዓይኔን ቶሎ አነሳሁ። እመለስባታለሁ።

ከሥር የሐዘንተኞች ዝርዝር አለ። የቤተ ዘመዱ አለቃ ዎፋ ኒያርኮ፣ ከእኔ ስም በሚበልጥ ፊደል። ዎፋ የእናት ወንድም ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው የእናቱ ቤት ልጅ ስለሆነ ዎፋው ሳይቀድም አያገባም፣ አይቀበርም። ከእሱ ቀጥሎ አሥራ አራት ዘመድ በተራ ቁጥር። አሥራ አንደኛው የአክስቴ ልጅ አንኮማ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ጠዋት ደስ ያለኝ ያ ብቻ ነበር።

ዎፋን አልጠረጠርኩም። ከስድስት ዓመት በፊት እናቴ ስትሞት በማስታወቂያዋ ላይ አሥራ አንደኛ ያደረገኝ እሱ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇን! ከታክሲ ነጂ በታች! ከዚያን ቀን ጀምሮ ተነጋግረን አናውቅም። ዎፋ ኒያርኮ እኔን ለመስደብ እንኳ ወረቀት የሚያባክን ሰው አይደለም። ስሙን ደግሞ ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ የእናቴ ማስታወቂያ ዛሬም በገበያው ግንብ ላይ አለ።

ጣቢያ ስደርስ ኮርፖራል ማንሳ በሩ ላይ ከተለጠፈው ፎቶዬ ፊት ቆማለች። ማንሳ ሰፊ ሴት ናት፤ መፋቂያዋ ከአፏ አይለይም፤ ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ሰላምታ የምሰጠው ለየትኛው ነው?»

«ቀልዱን ተይው። የለጣፊውን ቃል ተቀበይ።»

«ተቀብያለሁ። ጥቅሉ በማለዳው ሚኒባስ ከኩማሲ መጣለት። እለጥፋለሁ እንጂ አላነብም ይላል። የማተሚያ ቤቱ ስም ወረቀቱ ላይ የለም። ኩማሲ ውስጥ ደግሞ ማተሚያ ቤት እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በየበሩ።»

ከእስር ክፍሉ የፍየል ሌባው ጮኸ። «ኢንስፔክተር! እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ገጽ ስንት ላይ ደረስን?»

ይህ ስድብ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

* * *

አንኮማ ደራሲ ነው። አሥራ አንድ የወንጀል ምርመራ መጻሕፍት ጽፏል፤ አሥራ ሁለተኛው በዚህ ሳምንት ይወጣል ተብሏል። በሚኒባስ መናኸሪያ፣ በገበያ፣ በጸጉር ቤት ይሸጣሉ። በሁሉም ውስጥ አንድ ኢንስፔክተር አለ። ስም የለውም፤ አንኮማ ስም ለመስጠት ወንድነት ያንሰዋል። ይህ ኢንስፔክተር በአሥረኛው ገጽ ላይ ያልበደለውን ሰው ያስራል። ከዚያ በሁለት መቶ ገጽ ውስጥ ቆቡን ይፈልጋል፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ለፍየል ጥያቄ ያቀርባል። በመጨረሻ ጉዳዩን የምትፈታው ኬንኬ ሻጭ ናት።

አሱኖማ ውስጥ ያለው ኢንስፔክተር አንድ ነው።

ያሰርኩት ሁሉ «ገጽ አሥር ላይ ነን፣ እፈታለሁ» ይለኛል። የአውራጃው አዛዥ ሊጎበኘን ሲመጣ መጽሐፉን ይዞ መጥቶ አስፈርሞኛል፤ እኔን! ዕድገት የተሰጠው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ትናንት ለወጣ፣ የእጅ ሰንሰለት በስተቀኝ ይቆለፍ በስተግራ ለማያውቅ ልጅ ነው።

አንኮማ ይህን ሁሉ የጻፈው በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ማለት እችላለሁ። ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ስንጨርስ የዎፋ የካካዎ እርሻ ገቢ አንድ ልጅ ብቻ ነበር የሚያስተምረው። ዎፋ አንኮማን ሁለተኛ ደረጃ ላከው፤ ለእኔ ሜንጫ ሰጠኝ። ከሜንጫው ወደ ፖሊስ ቤት ሄድኩ።

* * *

ከጣቢያ ወደ ፖኩዋ ሱቅ ሄድኩ። ፖኩዋ የሐዘን ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ለእሑድ ነጭ በጥቁር። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የእሷን ቤተሰቦች በር ላንኳኳ፣ ማለትም ሽማግሌ ልኬ ልጠይቃት ቀጠሮ ነበረኝ። በሃምሳ ዓመቴ ያገኘሁት አንድ መልካም ነገር እሷ ናት።

ሱቁ ሞልቷል። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ጨርቃቸውን እንደያዙ በኋላ በር ወጡ።

«መጣህ?» አለች ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። «ቁጭ በል። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ጥቅል ሸጫለሁ፣ ሁሉም ላንተ ነው። እንዲህ ተወዳጅ መሆንህን ብታውቅ ቀደም ብለህ ትሞት ነበር።»

«ፖኩዋ፣ ይህ የሚያስቅ ነገር ነው?»

«አለቅስ እንዴ? አለቀስኩ። ገና ጎህ ሲቀድ ለጣፊው በሬ ላይ ለጥፎህ ሄደ። ከዚያ ቤትህ መጥቼ በመስኮት ስሰማህ ታንኮራፋለህ። ተመለስኩና ሱቄን ከፈትኩ።»

ይህን ስትናገር ሜትሩን በጣቷ ላይ ትጠቀልለዋለች።

የፖኩዋ ታላቅ ወንድም ታቢ ከጓዳ ወጣ። የቤታቸው አለቃ እሱ ነው፤ ሲናገር እንደ ዳኛ በየቃሉ መሃል ያርፋል።

«ኢንስፔክተር፣ በአካል መጥተህ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ማስታወቂያው የወጣበት ሰው ግማሹ ሄዷል። ቀልድ አይደለም። የለጠፈህ ሰው ተገኝቶ፣ በግ አርዶ ነፍስህን ካላስታረቀ፣ እህቴን ለአንተ አልሰጥም። አንድ ባል ሞቶባታል፤ ሁለተኛው ታትሞ እንዲመጣላት አልፈልግም።»

«አባባ ታቢ፣ እስከ መቼ ጊዜ ይሰጡኛል?»

«ቅዳሜ ጠዋት ነው ቀጠሮህ። ቅዳሜ ጠዋት ሰውየውን ከነበጉ ካላመጣህ፣ ነገሩ አልቋል። ለሌላም ቀን አይቀጠርም። ደግሞ በር የሚያንኳኳ የቤት አለቃ ይዘህ ና። ያ ልትልከው ያሰብከው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይበቃኝም። ዎፋ የሌለው ሰው አላውቅም።»

ፖኩዋን አየኋት። ጨርቅ ታጥፋለች። «ሰምተኸዋል፣» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንዴ እንኳ ትክክለኛውን ሰው ያዝ።»

* * *

አንኮማ የሚጽፈው በመናኸሪያው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ነው፤ በሁለት ጣት ይተይባል። እኔን ሲያይ ሁለቱም ጣቶች አየር ላይ ቀሩ።

«ወንድሜ! እየመጣሁ ነበር። እንዴት ያለ ክፋት ነው!»

«ረቡዕ ማለዳ የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ላይ። እኔን ትጠረጥራለህ? ለምን ብዬ? አንተ ብትሞት ስለማን እጽፋለሁ?»

ይህ መልስ ትክክል ስለነበር የበለጠ አናደደኝ።

«ስማ፣» አለ ወንበሩን ወደ እኔ እየሳበ፣ «እንዲህ ያለ ነገር የሚጀምረው ከምክንያት ነው። አንተ ብትሞት ማን ይጠቀማል? ሬሳ ሣጥን ሠሪው ሳርፎ። ሥራው ነው። በዚያ ላይ ፖኩዋን አምና ጠይቆ እምቢ ብላዋለች። ሥራና ቅናት! በመጽሐፍ ቢሆን በሁለተኛው ምዕራፍ አስረዋለሁ።»

ሲናገር ላብ በግንባሩ ይወርድ ነበር። ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። ቆርቆሮ ቤት ነዋ።

ሳርፎን ከሥራ ቦታው አገኘሁት። አንድ ሣጥን ግማሽ ደርሷል። ሲያየኝ መዶሻውን አስቀመጠና ከእግር እስከ ራስ ተመለከተኝ።

«አይ፣» አለ በቅሬታ፣ «በአራት ጣት አሳጥሬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሣጥንህን ነዋ። አሁን ከጉዞ ገብቼ ማስታወቂያውን ሳይ ወዲያው ጀመርኩ። የሚያውቁትን ሰው በግምት መሥራት ይቻላል ብዬ። ቀና ብለህ ቁም እስቲ።»

«ሳርፎ፣ የለጠፍከኝ አንተ ነህ ወይ?»

«እኔ? ካለፈው ዓርብ ጀምሮ የአክስቴ ቀብር ላይ ነበርኩ፣ ማምፖንግ።» ስልኩን አውጥቶ መቶ አሥር ፎቶ አሳየኝ። በሁሉም ላይ አለ፦ ሲያለቅስ፣ ሲጨፍር፣ ሩዝ ሲበላ፣ ሲያለቅስ፣ ሩዝ ሲበላ። «ፖኩዋን ወድጃት ነበር፣ አልክድም። ግን ላንተ ጥሩ እንጨት ነው የመረጥኩልህ። ንካው።»

ነካሁት። እንጨቱ ጥሩ ነበር።

ወደ አንኮማ ተመለስኩ። ሁለተኛ ግምት ነበረው። «ፎቶው! ፎቶውን ያነሳህ ሰው ነው። ኔጋቲቩ እሱ ጋ ነው ያለው።»

«ያነሳኝ ሰው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ በጥርጣሬ። «ማስታወቂያ እንደሆነ አሁን አይታመንም።»

* * *

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ማንሳ ከላዬ ቆማለች።

«ጌታዬ፣ ይህ የጣራው ነገር ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

ዋሸኋት። እናቴ በሞተች በዓመቱ አውሎ ነፋስ በዎፋ መንደር ያለውን የቤተ ዘመዳችንን ቤት ጣራ ወሰደው። ከዎፋ ጋር ተኳርፈናል። ሃያ ስድስት ቆርቆሮ ገዝቼ፣ ስሜ እንዳይነገር ሾፌሩን አስምዬ ላክሁ። ማንም አላወቀ፤ ማንም አላመሰገነኝ። እኔም ባለመመስገኔ አምስት ዓመት ተቀይሜ ኖሬያለሁ። ይህን የጻፈ ሰው ማንም የማያውቀውን ነገር ያውቃል።

ቀና ስል ፖኩዋ በሩ ላይ ቆማለች። ለምሳዬ ፉፉ፣ የተወቀጠ ካሳቫ ከነመረቁ፣ ይዛ መጥታ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣» አለች ሳህኑን እያስቀመጠች። «ሴቶቹ ለእሑዱ የምስጋና ጸሎት ነጩን እንግዛ ወይ እያሉ አስጨነቁኝ። ወረቀቱን ባየው ባየው እሑድ የሚባል ነገር የለም።»

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት። እሑድ የለም። አስከሬኑ የሚታይበት ሰዓት የለም። መቃብሩ የት እንደሆነ አልተጻፈም። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት! በዚያ ሰዓት እኛ አገር ሬሳው ተቀብሮ፣ ሰው በልቶ፣ ሦስት ጠብ ተጀምሮ ያልቃል።

«ይህን የላይኛውን የጻፈ ሰው፣» አልኩ፣ «የሚቀብረው ሰው የለውም።»

«የታችኛውን የጻፈውስ?» አለች ማንሳ።

«የታችኛው ሌላ ሰው ነው። እሱ ከመቅበር በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። እንዲህ ያለ ዝርዝር፣ እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል... በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት እጅ አለ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማንሳ መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች። በአሥራ ስድስት ዓመት ይህን ስታደርግ አላየኋትም።

«ቅዳሜ በአሥር ሰዓት በሚሽኑ ሜዳ...» አለች ፖኩዋ ቀስ ብላ። ከቦርሳዋ አንድ ካርድ አወጣች። «ልደብቅህ ነበር፣ እንዳይከፋህ። የአንኮማ መጽሐፍ ምረቃ ጥሪ ነው። ሰዓቱን እየው።»

ቅዳሜ። ከቀኑ አሥር ሰዓት። የሚሽኑ ትምህርት ቤት ሜዳ። የመጽሐፉ ስም በዕለቱ ይገለጻል።

ከተማው ሁሉ ተጠርቷል፣ ከእኔ በቀር። ብጠራ ኖሮ ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛውን ኬንኬ በልቼ ሳልጨርስ ጉዳዩን እፈታው ነበር። ንቀታቸው ራሱ ማስረጃውን ደበቀብኝ።

«እንግዲህ፣» አለች ማንሳ ከክፍሉ ስትወጣ፣ «የፈታችው ሻጭ ናት።»

«ጨርቅ ሻጭ ናት፣ ኬንኬ ሻጭ አይደለችም!» አልኳት። ሁለቱም ሳቁብኝ።

* * *

ዓርብ ጠዋት የአንኮማን የቆርቆሮ በር በእግሬ ገፋሁት።

«በመጽሐፎችህ ውስጥ ያለው ኢንስፔክተር ስንት ዓመት አገልግሏል?»

«ምን?»

«እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ነው ያገለገልኩ። ሠላሳ አንድ ያገለገለው ማነው?»

ጣቶቹ የታይፑ ቁልፎች ላይ ወደቁ።

«በአሥራ አንደኛው መጽሐፍ ላይ ሠላሳ ሞላው፣» አለ።

«የአዲሱ መጽሐፍ ስምስ?»

«...ኢንስፔክተሩ አረፉ።»

ሰንሰለቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንኮማ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ።

«ለመጽሐፉ ማስታወቂያ ነበር! እንደ ቀብር ማስታወቂያ አስመስዬ፣ ሰው እንዲያይልኝ። ሦስት መስመር ብቻ ነው ለአታሚው የላክሁት። ፎቶህን አልላክሁም! ሥዕል ነበር፤ ቆብ ያደረገ ኤሊ።»

«ኤሊ?»

«በክብር ነው! ኤሊ ብልህ ነው በተረታችን።»

«ብልሁ ሸረሪት ነው።»

«...አዎ፣ ሸረሪት ነው። ረቡዕ ሳየው ልቤ ቆመ። ታቢ ስለ በግ ሲናገር ሰማሁ፤ በከተማው ባህላዊ አለቃ ችሎት ፊት ልቆም ነው፣ ምረቃውም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ።»

«ስሜንና ዝርዝሩን ማን ጨመረ?»

«አላውቅም! በእናቶቻችን መቃብር!» ወረቀቱን ከኪሴ ነጠቀና በጣቱ መታው። «እየው እንጂ! እኔ አሥራ አንደኛ ነኝ! አሥራ አንድ መጽሐፍ የጻፍኩ ሰው፣ በገዛ እጄ፣ በአደባባይ፣ ራሴን አሥራ አንደኛ አደርጋለሁ? ከታክሲ ነጂው በታች?»

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ከዚህ የጠነከረ የንጽሕና ማስረጃ አላየሁም። ሰንሰለቱን መለስኩና የአታሚውን ስልክ ተቀበልኩት።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ አታሚው።

«ኢንስፔክተር ኦቤንግ ዳርኮ፣ ከአሱኖማ።»

ከዚያ በቀጭን ድምፅ፦ «ነፍስዎን ይማር።»

«አልሞትኩም! ፎቶዬን ማን ሰጠህ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ስም ያለኝ አታሚ ነኝ። የአሱኖማው ኢንስፔክተር ሞቷል የሚል ወረቀት መጣልኝ። የዘመድ ዝርዝር የለው፣ ፎቶ የለው፣ ኤሊ አለበት። ዝርዝር የሌለው ማስታወቂያ እኮ ከፈን የሌለው ሬሳ ነው። ፖሊሶቹ ከዘመድ ደብቀው ሊቀብሩት ነው አልኩ። የእናትዎን ያተምኩት እኔ ስለሆንኩ የዎፋዎ ስልክ ነበረኝ። ደወልኩላቸው። ብዙ ቆይተው "አታትም፣ ጠብቀኝ" አሉኝ። በማግሥቱ ፎቶና ደብዳቤ በሚኒባስ መጣ። ኤሊውን አወጣሁት። አጠፋሁ እንዴ?»

* * *

የዎፋ መንደር በካካዎው ጫካ ውስጥ ነው። አንኮማን ከሞተር ብስክሌቴ ኋላ ጭኜ ሄድኩ።

«ለምን ገደልከው?» አልኩት መንገድ ላይ።

«ማንን?»

«ያን ኢንስፔክተርህን።»

«በአዲሱ መጽሐፍ ላይ ትክክለኛውን ሰው ይይዛል፣» አለኝ ከጀርባዬ። «ከዚያ በኋላ ቢኖር ማንም አያምንልኝም።»

ሆን ብዬ ጉድጓድ ውስጥ ነዳሁት።

መንደሩ ስንገባ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው በር ዘጉ። አንዲት አሮጊት አክስታችን ብቻ ቆመች፤ ከቅሉ ውሃ እግሬ ሥር አፈሰሰችና «የመጣህበትን ተናገርና በሰላም ተመለስ» አለችኝ። «ዎፋን ፈልጌ ነው እማማ» አልኳት። «ይዘኸው ልትሄድ?» ብላ ጮኸች።

ዎፋ ኒያርኮ ከቤቱ ፊት ተቀምጧል። ቀይና ጥቁር ለብሷል። ራሱን ተላጭቷል፤ ያ የሚኮራበት ነጭ ጸጉሩ የለም። ፊቱን አመድ ነስንሶበታል። ከስቷል። አየኝ፤ ዓይኑን አላርገበገበም።

«አልሞትክም፣» አለ።

«አልሞትኩም ዎፋ።»

እጁን ወደ ራሱ ወሰደና ዳበሰው። «ታዲያ ይህን ጸጉር ማን ይመልስልኛል?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ስድስት ዓመት ያቆየሁት ድምፅ ወጣ፦ «እንዴት መሞቴን ሳትጠይቅ ታሳትመኛለህ?»

«ማንን ልጠይቅ? አንተን?» ከመቀመጫው ተነሳ። «ስድስት ዓመት በሕይወት ሆነህ ያልመለስክልኝን፣ ሞተህ ትመልስልኛለህ?»

«ጣቢያ መደወል አይቻልም?»

«ደውዬ ምን ልበል? "የእህቴ ልጅ ሞቷል ወይ" ብዬ ባዕድ ልጠይቅ? የቤት አለቃ የገዛ ልጁን ሞት ከፖሊስ ይጠይቃል? ያለ እኔ ሊቀብሩህ ነው ብሎ ሰውየው ነገረኝ። ስሜን ከላይ አስጻፍኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። በቅደም ተከተል ነው የሠራሁት።»

አንኮማ ከኋላዬ ሳል አሰማ። ዎፋ በዓይኑ ገረፈውና ተቀመጠ።

«በእናቴ ማስታወቂያ ላይ አሥራ አንደኛ አደረግከኝ፣» አልኩ። ሌላ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣው ግን ይህ ነው።

«ሬሳው ዘንድ የደረሱበትን ተራ ነው የጻፍኩት። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ፤ አሥራ አንደኛ ደረስክ። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ጠይቄው አላውቅም።

«የእኔስ?» አለ አንኮማ። «እኔስ ለምን አሥራ አንደኛ?»

«መጻሕፍትህን የመንደሩ መምህር አነበበልኝ። ወንድምህን ለማሳቂያ ባደረግክበት በእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ አንድ ቁጥር አወረድኩህ። አሥራ ሁለተኛውን ገና አልሰማሁትም።»

አንኮማ መሬት መሬት አየ።

«ፎቶውን ከየት አገኘኸው?» አልኩ።

«እናትህ ሰጠችኝ። ከአልጋዬ በላይ ነበር የተሰቀለው።»

«ጣራውን እኔ መላኬንስ ማን ነገረህ? ሾፌሩ ምሎልኝ ነበር።»

ዎፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ከበሩ መከለያ ሥር ሆኜ ቀና ስል፣ በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ውስጠኛ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር አለ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የእኔ እጅ ነው። እንዳይሰረቅ ቆጥሬ ነበር።

«ከልጅነትህ ጀምሮ የካካዎውን ከረጢት እንዲህ ነበር የምትቆጥረው፣» አለ። «ይህ ቤት የሚቆጥር ሌላ ሰው የለውም።»

«ታዲያ ለምን አላመሰገንከኝም?»

«ስምህን ደብቀህ ላክህ። ስም የሌለውን ሰው እንዴት ላመስግን? ስምህን የምጽፍበት ወረቀት እስኪመጣ ጠበቅኩ።»

ቆቤን አወለቅኩ። ከመሬት ላይ፣ ከእግሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ዓይኖቼ ቆርቆሮው ላይ ነበሩ። ሃያ ስድስቱም አሉ።

«ዎፋ፣» አልኩት በመጨረሻ፣ «ነገ ጠዋት በር የሚያንኳኳልኝ ሰው የለኝም።»

«ማን ናት?»

«ጨርቅ ሻጭ ናት።»

«የሐዘን ጨርቅ?» አለና የለበሰውን ዳበሰ። «ጥሩ ነው። ከመጣሁ አይቀር የምለብሰው አለኝ ማለት ነው።»

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ዎፋ የተላጨ ራሱን እያበራ፣ ሁለት ጠርሙስ ጂን ይዞ የታቢን በር አንኳኳ። ከኋላው አንኮማ በግ ተሸክሟል፤ በጉ የደራሲውን ኮሌታ ያኝክ ነበር።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አለ ታቢ።

«የቤቴ ነው፣» አለ ዎፋ። «አንዱ ሳይጠይቅ ጻፈ። አንዱ ሳይጠይቅ አሳተመ፤ ያ እኔ ነኝ። አንዱ ደግሞ በሕይወት መኖሩን ለስድስት ዓመት ሳይናገር ቀረ። በጉ ለሦስታችንም ነው።»

ታቢ በጉን ዞሮ አየው። ከዚያ ፖኩዋን አስጠራ። ወጉ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነው።

«ፖኩዋ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ? መጠጡን እንቀበል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ፖኩዋ፣ እንቀበል?»

«የምትጠይቁኝ ስለ ታተመው ነው ወይስ ስላለው?»

«ስላለው።»

«ሦስተኛውን ጠይቁኝ።»

«ፖኩዋ፣ እንቀበል?»

«ጠጡ፣» አለች። «የሸጥኩትን ጨርቅ ግን አልመልስም።»

ከቀኑ በአሥር ሰዓት የሚሽኑ ሜዳ ሞላ። ከሰባት መንደር ሰው ቀይና ጥቁር ለብሶ፣ ከበሮ ይዞ፣ እያለቀሰ መጣ። ለአንኮማ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሕዝብ ወጥቶ አያውቅም። እኔ በፊተኛው ረድፍ በዎፋና በፖኩዋ መሃል ተቀመጥኩ። ብዙዎቹ ሲያዩኝ ተናደዱ፤ ከሩቅ ነው የመጡት። ሳርፎ ብቻ መጥቶ ሣጥኑን ለጨርቅ ማስቀመጫ ለሰርጋችን እንደሚሰጠን ነገረን። አንኮማ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሲያነብ ኢንስፔክተሩ ትክክለኛውን ሰው ያዘና ሞተ። ሕዝቡ ከልቡ አለቀሰ። ማንሳ ሳትቀር።

ከማስታወቂያዎቹ አንዱን ከጣቢያው በር ላይ በጥንቃቄ ልጬ ወሰድኩት። ዛሬም መኝታ ቤቴ ተሰቅሏል። ፖኩዋ «ከአልጋዬ በላይ የሬሳ ማስታወቂያ አውርድልኝ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ሆኛለሁ። ጠዋት ጠዋት ቆቤን እያደረግኩ ከስሜ እጀምርና ቁልቁል እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።